ሊነክስ ሊጠፋ ሲል «ዎችዶግ አልቆመም» ቢላችሁ፦ ማስጠንቀቂያውን ደረጃ በደረጃ መመርመር

ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችኋል። ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ሊጠፋ ሲል ግን ከላይ በግራ ጥግ አንዲት ነጭ መስመር ብቅ ትላለች፦

«ዎችዶግ፦ ዎችዶግ0፦ ዎችዶግ ዲድ ኖት ስቶፕ!»

ወዲያው ትሰወራለች። ማሽኑ ዳግም ይነሣል፣ ሁሉም እንደ ወትሮው ይሠራል። ትርጉሟ ግን «ጠባቂው አልቆመም» ነውና፣ መጨረሻዋ ላይም ቃለ አጋኖ አለና፣ ያያት ሰው «ምን ተበላሸብኝ?» ማለቱ አይቀርም።

መልሱን አስቀድሜ ልስጥ። በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ይህች መስመር ምንም ጉዳት የላትም። ይህን መመሪያ የምጽፈው ግን «ተዉት» ብዬ ለማለፍ አይደለም። በዚያው ጥቁር ስክሪን ላይ፣ በዚያው ሰከንድ፣ መልካቸው ከእሷ የሚመሳሰል ነገር ግን የእውነት ፋይል የሚያበላሽ ችግር የሚጠቁሙ መልእክቶችም ይወጣሉ። የቃላቱ ማስፈራራት ሁለቱን አይለይም። የሚለያቸው መልእክቱን ማን እንደ ተናገረው እና ማሽኑ ሲዘጋ የትኛው ደረጃ ላይ ደርሶ እንደ ነበር ማወቅ ነው።

አንድ የማውቀው ልጅ በሚሠራበት ቢሮ ይህችን መስመር ባየ ቁጥር «ተሰቅሏል» እያለ የማብሪያ ቁልፉን ተጭኖ ይዞ ያጠፋው ነበር። እንዲህ ሲያደርግ ከርሞ አንድ ቀን ማሽኑ ሲነሣ ፋይል ሲስተሙን (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበትን ሥርዓት) እየጠገነ ብዙ ደቂቃ ፈጀበትና ደወለልኝ። ሎጉን (ማሽኑ የሚሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን) አብረን ስናይ መልእክቱ ከጉዳቱ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ማሽኑ ዲስኩን ለመዝጋት ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ኃይሉ ይቋረጥበት ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው መመሪያ ይህ ነው፦ ምርመራውን እስክትጨርሱ ድረስ ቁልፉን አትጫኑ፤ መስመሯን ካያችሁ በኋላ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ታገሡ።

ስለ አጻጻፉ አንድ ቃል። ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን ሲነበቡ በሚሰሙበት ድምፅ በፊደላችን አስፍሬአቸዋለሁ። በስልክ ሰው ስታሠሩም እንዲሁ ነው የምትሏቸው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ስትጽፏቸው በእንግሊዝኛው ፊደል ነው። «ሲቲኤል» ያልኩት ሦስት ፊደል ነው፤ ከሰረዝ በኋላ ብቻውን የቆመ «ቢ» ወይም «ፒ» ደግሞ አንድ ትንሽ ፊደል ነው። ፋይል ስትፈጥሩና ስትለውጡ ሁሉ ከፊቱ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጠው «ሱዶ» ያስፈልጋል።

መጀመሪያ መልእክቱን ቃል በቃል ያዙት

«አንድ ነገር ብሎ ጠፋ» ማለት ለምርመራ አይበቃም። የስልካችሁን ካሜራ ስክሪኑ ላይ ደግናችሁ ቪዲዮ እየቀረጻችሁ ሪስታርት አድርጉ፤ ከዚያ ቪዲዮውን እያስቆማችሁ አንብቡ። ስልካችሁ ዝግ ባለ እንቅስቃሴ መቅረጽ ከቻለ በጣም ይረዳል፤ አንዳንዱ መስመር ከግማሽ ሰከንድ በላይ አይቆይም።

ስክሪኑ ላይ የስርጭቱ (የሊነክሳችሁ ዓይነት፣ ለምሳሌ ኡቡንቱ ወይም ፌዶራ) ዓርማ ብቻ እየተሽከረከረ ጽሑፉን ከሸፈነባችሁ፣ በመዝጊያው ወቅት የ«ኤስኬፕ» ቁልፍን ንኩት። ካልሠራ ማሽኑ ሲነሣ በግራብ (ሊነክስን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ማውጫ ላይ «ኢ» ፊደልን ተጫኑ፤ «ሊነክስ» በሚል ቃል የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልጉ፤ ከመጨረሻው አካባቢ «ኳየት» እና «ስፕላሽ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አጥፉና በ«ኤፍ10» አስነሡት። ይህ ለውጥ ለዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የምታበላሹት ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ስትዘጉት ሁሉንም መስመር ታያላችሁ።

«ኳየት» እያለም ይህች የዎችዶግ መስመር ለምን ትታያለች? የከርነል (የሊነክስ እምብርት የሆነው ክፍል) መልእክቶች ከ0 እስከ 7 የክብደት ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይከብዳል። «ኳየት» ስክሪኑ ላይ እንዲወጡ የሚፈቅደው ከ4 በታች ያሉትን ብቻ ነው። የዎችዶጓ መስመር በከርነሉ ኮድ ውስጥ 2 ቁጥር፣ ማለትም «ክሪቲካል» ተብላ ተመድባለች። ሌላው ሁሉ ዝም ሲል እሷ ብቻዋን የምትቀረው ለዚህ ነው። የሰው ድንጋጤም የሚመጣው ከዚሁ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከመቶ መስመሮች መካከል ብትሆን ማንም ልብ አይላትም ነበር።

ያለፈውን ዑደት ሎግ ክፈቱ

ማሽኑ ተመልሶ ሲነሣ ይህን ጻፉ፦

«ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ቢ -1 -ኢ»

«-ቢ -1» ማለት ከአሁኑ በፊት ያለው አንድ ዑደት፣ ማሽኑ ከበራበት እስከ ጠፋበት፣ ማለት ነው። «-ኢ» በቀጥታ ወደ መጨረሻው ይወስዳችኋል፤ የምንፈልገውም እዚያ ነው። ያለፈው ዑደት የለም የሚል መልስ ካገኛችሁ ማሽኑ ሎጉን ዲስክ ላይ ሳይሆን ሚሞሪ ላይ ብቻ እያኖረ ነው፤ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። «/ቫር/ሎግ/ጆርናል» የሚል ፎልደር ፍጠሩና አንድ ጊዜ ሪስታርት አድርጉ። በብዙ ስርጭቶች ላይ ፎልደሩ መኖሩ ብቻ ሎጉ እንዲቆይ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ደግማችሁ ሪስታርት ስታደርጉ የሚነበብ ያለፈ ዑደት ይኖራችኋል።

እያንዳንዱ መስመር ሰዓቱን፣ የማሽኑን ስም፣ ከዚያ የተናጋሪውን ስም ይዞ ይመጣል። ዓይናችሁን የተናጋሪው ስም ላይ አድርጉ። መዝጊያው አካባቢ ብዙ ጊዜ አራት ዓይነት ተናጋሪ ታገኛላችሁ፦ «ከርነል»፣ «ሲስተምዲ[1]»፣ «ሲስተምዲ-ሻትዳውን[1]»፣ እና አንድ አገልግሎት በገዛ ስሙ፣ ለምሳሌ የዳታቤዝ ወይም የኔትወርክ ፕሮግራም። ሲስተምዲ አገልግሎቶችን ሁሉ የሚያስጀምረውና የሚያቆመው ዋና ፕሮግራም ነው፤ በቅንፉ ያለው የሂደቱ መለያ ቁጥር ነው።

ሁለቱ መካከለኞች ሁለቱም 1 ቁጥር መያዛቸውን ልብ በሉ። ስሕተት አይደለም፤ የዎችዶጉ ምስጢርም ያለው እዚያ ነው።

ጠባቂው ማን ነው? ለምንስ አልቆመም?

ዎችዶግ በማዘርቦርዱ ቺፕ ውስጥ ያለ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ነው። በኢንቴል ማሽኖች ላይ ሾፌሩ (ከርነሉን ከቺፑ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ብዙ ጊዜ «አይቲሲኦ_ደብሊውዲቲ» ይባላል፤ በኤኤምዲ «ኤስፒ5100_ቲሲኦ»፤ በራስበሪ ፓይ ላይ «ቢሲኤም2835_ደብሊውዲቲ»። አንድ ፕሮግራም «/ዴቭ/ዎችዶግ» የሚለውን ፋይል ሲከፍት ቆጠራው ይጀምራል። ፕሮግራሙ በየጊዜው «አለሁ» የሚል ምልክት እየላከ ሰዓቱን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ምልክቱ ከተቋረጠና ሰዓቱ ዜሮ ከደረሰ፣ ቺፑ ማንንም ሳይጠይቅ ማሽኑን ዳግም ያስነሣዋል። ሶፍትዌሩ ሙሉ በሙሉ ቢደርቅ እንኳ የሚሠራው ከሶፍትዌር ውጭ ስለሆነ ነው።

ቆጠራውን ለማስቆም አንድ ሥርዓት አለ። ፕሮግራሙ ፋይሉን ከመዝጋቱ በፊት ትልቁን የእንግሊዝኛ «ቪ» ፊደል መጻፍ አለበት። ያንን ሳይጽፍ ከዘጋው ከርነሉ «ይህ ፕሮግራም አውቆ ነው የተወው ወይስ ሞቶ ነው?» ብሎ መለየት ስለማይችል፣ ለጥንቃቄ ቆጠራውን ሳያስቆም ይተወዋል። ይህን ማድረጉንም ያሳውቃል፤ የሚያሳውቅበት መስመር «ዎችዶግ ዲድ ኖት ስቶፕ!» የምትለው ናት። ስለዚህ መስመሯ ብልሽት እየተናገረች አይደለም። «ሰዓቱ እየቆጠረ ነው፣ ሳላስቆመው ተዘግቷል» ነው የምትለው።

ማነው ሳያስቆም የዘጋው? ሲስተምዲ ራሱ ነው፤ አውቆ ነው። ሪስታርት ሲጠየቅ አገልግሎቶቹን ሁሉ ካቆመ በኋላ ዎችዶጉን በ10 ደቂቃ ሞልቶ ይከፍተዋል። ዓላማው መዝጊያው መሐል ላይ ቢደርቅ ማሽኑ ለዘላለም ተሰቅሎ እንዳይቀር ነው። ቀጥሎ ሲስተምዲ ቦታውን «ሲስተምዲ-ሻትዳውን» ለሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይለቃል። አዲስ ፕሮግራም አይከፈትም፤ 1 ቁጥር የያዘው ሂደት ራሱ ወደ ሌላው ይለወጣል። ሁለቱም 1 የሆኑት ለዚህ ነው። በዚህ ርክክብ ቅጽበት የተከፈተው የዎችዶግ ፋይል ይዘጋል፤ «ቪ» አልተጻፈም፣ ከርነሉም ይናገራል። ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አዲሱ ፕሮግራም ፋይሉን ደግሞ ይከፍትና «አለሁ» ማለቱን ይቀጥላል።

ሎጋችሁ ላይ ይህን ቅደም ተከተል ፈልጉ። በመጀመሪያ ሲስተምዲ «እየዘጋሁ ነው» ይላል። ቀጥሎ የሃርድዌር ዎችዶግ እየተጠቀመ መሆኑን ከነሾፌሩ ስም፣ ከዚያም የ10 ደቂቃ ገደብ መሞላቱን ይናገራል። የከርነሉ «አልቆመም» ይከተላል። ከዚያ ሲስተምዲ-ሻትዳውን ፋይል ሲስተሞችን እያመሳሰለ መሆኑን፣ ለቀሩት ፕሮግራሞችም «ሲግተርም» የሚባለውን የ«አቁሙ» ምልክት እየላከ መሆኑን ይገልጻል። በመጨረሻ ሎግ መዝጋቢው ራሱ «ጆርናል ስቶፕድ» ብሎ ያበቃል። ይህን ቅደም ተከተል ካገኛችሁ ስለ ዎችዶጉ መጨነቅ አቁሙ።

ቅንብሩን በቁጥር ማየት የሚፈልግ ይህን ይጻፍ፦

«ሲስተምሲቲኤል ሾው -ፒ ራንታይምዎችዶግዩሴክ -ፒ ሪቡትዎችዶግዩሴክ»

(የስሞቹ ዋና ዋና ፊደላት ትልልቅ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ የእያንዳንዱ ቃል መጀመሪያ፣ በመጨረሻም «ዩ» እና «ኤስ» ይተልቃሉ።) «ሪቡት» በሚለው ፊት 10 ደቂቃ ካያችሁ ነባሪው ቅንብር ነው። «ራንታይም» በሚለው ፊት ከዜሮ ሌላ ቁጥር ካለ አንድ ሰው ወይም ስርጭቱ ማሽኑ በሥራ ላይ ሳለም እንዲጠበቅ አዟል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከልቤ የማስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። «ውስጡን ልየው» ብላችሁ በሱዶ «ካት /ዴቭ/ዎችዶግ» አትጻፉ። መክፈቱ ብቻ ቆጠራውን ያስጀምራል፤ «ካት» ደግሞ «ቪ» ጽፎ አይዘጋም። ትንሽ ቆይቶ ማሽኑ ያልተቀመጠ ሥራችሁን ይዞ በድንገት ይነሣል። መረጃውን በደኅና ለማየት የሚከተለው ይበቃል፦

«ካት /ሲስ/ክላስ/ዎችዶግ/ዎችዶግ0/አይደንቲቲ»

መዝጊያው ንጹሕ እንደ ነበር አረጋግጡ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል። ማስጠንቀቂያው ኖረም አልኖረ፣ ዋናው ጥያቄ «ዲስኬ በሥርዓቱ ተዘግቷል ወይ?» ነው። መልሱ ያለው ደግሞ ቀጥሎ ባለው ማስነሻ ሎግ ውስጥ ነው። ማሽኑ ሲነሣ ያለፈው መዝጊያ እንዴት እንደ ነበር አብሮ ይመሰክራል።

«ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ቢ» ብላችሁ የአሁኑን ዑደት መጀመሪያ ክፈቱ። እየተነበበ ባለው ሎግ ውስጥ ለመፈለግ የዘመመውን ሰረዝ «/» ተጭናችሁ ቃሉን ጻፉ። የምትፈልጉት እነዚህን ነው።

«ሪከቨሪ ኮምፕሊት» ወይም «ሪከቨሪንግ ጆርናል»። የ«ኢኤክስቲ4» ፋይል ሲስተም እነዚህን የሚናገረው ባለፈው በሥርዓት ሳይነቀል (በሶፍትዌር ሳይለቀቅ፣ «አንማውንት» ሳይደረግ) ኃይል ሲቋረጥበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ይጠግናል፤ ግን መዝጊያው ንጹሕ አለመሆኑን ያረጋግጣል። ንጹሕ ከሆነ በፍተሻው መስመር ላይ «ክሊን» የሚል ቃል ታያላችሁ።

«ዎዝ ኖት ፕሮፐርሊ አንማውንትድ»። ይህን የሚለው «ፋት» ፋይል ሲስተም ነው፤ በዘመኑ ማሽኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የቡት ፓርቲሽኑ (ማሽኑ የሚነሣበት የዲስክ ክፍል)። ያ የነገርኳችሁ ልጅ ማሽን ላይ በየማስነሻው ተመዝግቦ ያገኘነው ይህንን ነበር። በኢኤክስቲ4 ላይ እንደሚሆነው ራሱን የሚጠግንበት ጆርናል (የለውጦች መዝገብ) የለውም፤ ስለዚህ ፓርቲሽኑን ነቅላችሁ «ኤፍኤስሲኬ» በሚባለው መፈተሻ ልታጸዱት ይገባል።

«ኮራፕትድ ኦር አንክሊንሊ ሻት ዳውን»። ይህ ከሎግ መዝጋቢው የሚመጣ ሲሆን የገዛ ፋይሉ ሳይዘጋ እንደ ቀረ ይናገራል።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ያለፈው ዑደት ሎግም «ጆርናል ስቶፕድ» ላይ ካበቃ፣ መዝጊያችሁ ንጹሕ ነው። የቆየ ታሪክ ማየት ከፈለጋችሁ «ላስት -ኤክስ» የሚለው ትእዛዝ እያንዳንዱን ማስነሻና መዝጊያ ይደረድርላችኋል፤ «ክራሽ» የሚለው ቃል ባለበት ቀን መዝጊያው አልተመዘገበም። መብራት በጠፋበት ቀን እዚያ ቢታይ አይግረማችሁ።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የእኔ ምክር እንዳለ መተው ነው። የ10 ደቂቃው ጥበቃ ጠቃሚ ነገር ነው፤ በተለይ ማሽኑ እናንተ ካላችሁበት ርቆ ሲቀመጥ። ሌላ ከተማ ያለ ሰርቨር፣ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ራስበሪ ፓይ ወይም ቅዳሜና እሑድ የተቆለፈ ቢሮ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ሪስታርት ላይ ቢደርቅ፣ ሄዶ ቁልፍ የሚጫን ሰው የለም። አንዲት የማታስደስት መስመር ለዚህ ጥበቃ ብዙ ዋጋ አይደለችም።

ግን ጠረጴዛችሁ ላይ ያለ ላፕቶፕ ከሆነና መስመሯን ማየት የማትፈልጉ ከሆነ፣ በትክክለኛው ቦታ አጥፉት። «/ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሲስተም.ኮንፍ.ዲ» የሚል ፎልደር ከሌለ ፍጠሩ፤ ውስጡ «10-ዎችዶግ.ኮንፍ» የሚል ፋይል ክፈቱና ሁለት መስመር ጻፉ፦

«[ማኔጀር]»
«ሪቡትዎችዶግሴክ=0»

ቆየት ባሉ የሲስተምዲ እትሞች ላይ የሁለተኛው መስመር ስም «ሻትዳውንዎችዶግሴክ» ነው። አስቀምጡና «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዴመን-ሪኤግዜክ» በሉ፤ ከዚያ ሪስታርት አድርጋችሁ ተመልከቱ። ዋናውን የቅንብር ፋይል ያልነካነው ወደ ነበረበት ለመመለስ ይህን አንድ ፋይል ማጥፋት እንዲበቃ ነው። መስመሯ አሁንም ካለች ሌላ የሚከፍተው ፕሮግራም አለ፤ «ዎችዶግ» የሚል ስም ያለው ራሱን የቻለ ፓኬጅ ተጭኖ እንደ ሆነ አረጋግጡ።

ሁለተኛው መንገድ ሾፌሩ ጨርሶ እንዳይጫን ማገድ ነው። «/ኢቲሲ/ሞድፕሮብ.ዲ» ውስጥ አዲስ ፋይል ከፍታችሁ «ብላክሊስት» ብላችሁ ቀጥሎ ከሎጉ ያገኛችሁትን የሾፌር ስም ጻፉ። ኡቡንቱ ላይ ብዙዎቹ የዎችዶግ ሾፌሮች ከመጀመሪያው እንዲህ የታገዱ ስለሆኑ፣ የኡቡንቱ ተጠቃሚ የሆነ ጓደኛችሁ «እኔ ጋ አይታይም» ቢላችሁ የእሱ ማሽን ስለ ተሻለ አይደለም።

በየቦታው የሚሰጥ ግን የማይሠራ ምክርም አለ። «ኖዎችዶግ» የሚል ቃል በከርነሉ መስመር (በግራብ «ሊነክስ» ብሎ በሚጀምረው) ላይ ጨምሩ ይባላል። ስሙ ያሳስታል። እሱ የሚያጠፋው በከርነሉ ውስጥ ያለውን፣ ፕሮሰሰሩ ደርቆ እንደ ሆነ የሚከታተለውን ሌላ ዎችዶግ ነው፤ በማዘርቦርዱ ቺፕ ላይ ያለውን አይነካም። «ሎግሌቨል»ን ዝቅ አድርጎ መልእክቱን መደበቅም አለ፤ ያ መስመሯን በእርግጥ ይሸፍናታል። አልመክረውም። የዲስክ ስሕተት መልእክት 3 ቁጥር ነው፤ 2 ቁጥሯን ዎችዶግ ለመደበቅ ስትሉ ዲስካችሁ እየሞተ ሲጮኽም ስክሪኑ ላይ አታዩትም።

አብረው የሚታዩ ሌሎች መልእክቶች

«ፌይልድ አንማውንቲንግ /ቫር»፣ በቀይ «ፌይልድ» የሚጀምር። ይህ የሚያስደነግጥ ግን ብዙውን ጊዜ ጉዳት የሌለው ነው። «/ቫር» በራሱ ፓርቲሽን ላይ ሲሆን ይታያል፤ ሎግ መዝጋቢው እስከ መጨረሻው እዚያ ስለሚጽፍ ሲስተምዲ መጀመሪያ ሲሞክር አይለቅለትም። በኋላ ሲስተምዲ-ሻትዳውን የቀሩትን ፕሮግራሞች ካቆመ በኋላ ደግሞ ይሞክርና ይነቅለዋል። በቪዲዮው ላይ «ኦል ፋይልሲስተምስ አንማውንትድ» የሚል መስመር ከኋላው ከመጣ አልቋል። ፓርቲሽኑ «/ሆም» ከሆነ ግን አልፋችሁ አትሂዱ፤ ፋይሎቻችሁን ይዞ አልለቅም ያለ ፕሮግራም አለ፣ የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ ይገባችኋል።

«ኤ ስቶፕ ጆብ ኢዝ ራኒንግ ፎር…» ብሎ ሰከንድ የሚቆጥረውን ሁሉም ያውቀዋል። አንድ አገልግሎት «አቁም» ተብሎ አልቆመም፤ ሲስተምዲ እየጠበቀው ነው። የነባሪው ትዕግሥት 90 ሰከንድ ነው፤ ፌዶራ ከ38ኛው እትሙ ጀምሮ ወደ 45 ሰከንድ አውርዶታል። ጊዜው ሲያልቅ ፕሮግራሙ በኃይል ይገደላል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህን ትዕግሥት ወደ 5 ሰከንድ ማሳጠር ነው። እባካችሁ ከዚያ በፊት ማን እንደ ሆነ እዩ። ባለፈው ዑደት ሎግ ውስጥ «ታይምድ አውት» የሚለውን ቃል ፈልጉ፤ የአገልግሎቱ ስም እዚያው አለ። የድምፅ ማጫወቻ ከሆነ ግድ የለም። ዳታቤዝ ከሆነ ግን እነዚያ ሰከንዶች ሚሞሪ ላይ ያለውን ሥራ ወደ ዲስክ የሚጽፍባቸው ናቸው፤ ልታሳጥሩለት ሳይሆን ምናልባትም ልታስረዝሙለት የሚገባው ነው።

ለአንድ አገልግሎት ብቻ ጊዜ ለመቀየር «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኤዲት» ብላችሁ ስሙን አስከትሉ፤ በሚከፈተው ባዶ ገጽ «[ሰርቪስ]» ጻፉና ከሥሩ «ታይምአውትስቶፕሴክ=» ብላችሁ የምትፈልጉትን ሰከንድ አስገቡ። የሌላው ሁሉ ገደብ እንዳለ ይቆያል።

የእውነት ተሰቅሎ ከቀረ

የዎችዶጓ መስመር የመጨረሻዋ ሆና ማሽኑ ደቂቃዎች ቢቆይ፣ ችግሩ ከእሷ በኋላ ያለ ነገር ነው፤ እሷ የታየች የመጨረሻዋ መስመር ብቻ ናት። ከባዱ ነገር ሎግ መዝጋቢው በዚያ ሰዓት ተዘግቷልና ዲስክ ላይ የተጻፈ ነገር አታገኙም። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች በሌላ መንገድ መያዝ አለብን።

ሲስተምዲ-ሻትዳውን ማሽኑን ሊያጠፋ ሲል «/ዩኤስአር/ሊብ/ሲስተምዲ/ሲስተም-ሻትዳውን» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያሉ ፕሮግራሞችን ያስኬዳል። እዚያ «ዲበግ.ኤስኤች» የሚል ፋይል ፍጠሩ፤ አራት መስመር ይይዛል፦

«#!/ቢን/ኤስኤች»
«ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /»
«ዲሜሴጅ > /ሻትዳውን-ሎግ.ቲኤክስቲ»
«ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርኦ /»

በሦስተኛው መስመር «ዲሜሴጅ» ያልኩት አምስት ፊደል ብቻ ነው፦ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ። «ሲኤችሞድ +ኤክስ» ብላችሁ የመሮጥ ፈቃድ ስጡት። ሥራው ዋናውን ዲስክ ለአፍታ ለመጻፍ ከፍቶ የከርነሉን መልእክቶች በሙሉ ፋይል ላይ አፍስሶ መልሶ መቆለፍ ነው። ሲስተምዲ የሚናገረውም እዚያ እንዲገባ ማሽኑን ስታስነሡ በግራብ «ኢ» መንገድ ሦስት ነገር ጨምሩ፦ «ሲስተምዲ.ሎግ_ሌቨል=ዲበግ»፣ «ሲስተምዲ.ሎግ_ታርጌት=ኬሜሴጅ» (ኬ፣ ኤም፣ ኤስ፣ ጂ) እና «ሎግ_በፍ_ለን=1ኤም»። የመጨረሻው ብዙ መስመር ሲመጣ የፊተኞቹ እንዳይጠፉ የከርነሉን ማኅደር ያሰፋል።

ከዚያ ሪስታርት አድርጉና ፋይሉን አንብቡ። ማሽኑ ፋይሉን ከጻፈ በኋላ ተሰቅሎ ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። ዲስኩ ተዘግቷል፤ የቀረው ማዘርቦርዱ «ተነሣ» ሲባል አለመታዘዙ ነው። ባዮሱን (የማዘርቦርዱን የራሱን ፕሮግራም) ማደስ አንዱ መፍትሔ ነው፤ ሌላው በከርነሉ መስመር «ሪቡት=ኢኤፍአይ» ወይም «ሪቡት=ፒሲአይ» እየተካችሁ መሞከር ነው። ፋይሉ ጨርሶ ካልተፈጠረ ግን መዝጊያው ከዚያ ቀድሞ ቆሟል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው መልስ የማይሰጥ የኔትወርክ ዲስክ ወይም ሾፌር ነው። በኔትወርክ የተገናኙ ፎልደሮችን አስቀድማችሁ በእጅ ንቀሉና ልዩነት እንዳለ እዩ።

ምርመራው ሲያልቅ «ዲበግ.ኤስኤች»ን አጥፉት። የተቆለፈን ዲስክ እንደ ገና የሚከፍት ፕሮግራም በየመዝጊያው እንዲሮጥ መተው አይገባም። «/ሻትዳውን-ሎግ.ቲኤክስቲ»ንም ሰርዙ፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ ሪስታርት አድርጋችሁ በየጊዜው የማስነሻ ሎጉ ላይ «ክሊን» የሚለውን ቃል ፈልጉ።